ድገሚ

ከኮኪምቦ ወደብ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ፣
ጣሪያዋ የዛገ፣ ባሕሩን የምታይ
የሕፃናት መዋያ አለች። እኔ አናጢዋ ነኝ፣
ወንበሯ ሲሰበር ማልዳ የምትጠራኝ።

ያኔ ምድር ቤቴን ነቅንቃ ስትጥለው
ከፍርስራሹ መሀል ሳንቃ በሬ ብቻ ነው
ደህና የወጣልኝ።
ስንት ዓመት አቆምኩት ጥግ አስደግፌ፣
ላነደው ሰስቼ፣ ልሸጠው ሰንፌ።
አንድ ክረምት ግን ቆረጥኩት ለልጆች፤
መቶ አሥራ ሁለት ጉርዶች፣
ረጅም፣ አጭር፣ ጠፍጣፋ፤ አንደኛው ላይ
የመቀርቀሪያዬ ቀዳዳ አለ፣ ባሕር የሚያሳይ።

ራዬን አምስት ዓመቷ ነው። ቃል አታበዛም።
ጠባቡን ከታች፣ ሰፊውን ከላይ፤
ኳ!
ደግማ ሠራች፣ እንደዚያው።
ኳ!
በሦስተኛው ቆም አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ
አየችው፣ ሳል እንደሚያዳምጥ ሐኪም።

የስበት ማዕከል የሚባል ነገር አለ አሉ፣
የተማሩ ሰዎች ሲያወሩ እንደሚሉ፤
እኔ በመዶሻ አርባ ዓመት ፈጀብኝ፣
እሷን ከቁርስ እስከ ምሳ።
ሰፊውን አወረደች፣ ጠባቡን ሰቀለች፣
በአንድ ጣቷ ነካ፣ ገፋ አደረገች፤
ተወዛወዘ። ቆመ።
ፈገግ እንኳ አላለች። ይልቅ ከጎኑ
የድሮውን ስሕተት፣ ያንኑ ዘማማ፣
ሆን ብላ አቆመች ተጠንቅቃ፣ ደግማ።
«ይኼ ደግሞ ለምን?» አልኳት።
«እንዲጠያየቁ» አለች።

ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ። መጀመሪያ ብርጭቆ፣
ቀጥሎ መስኮቱ፣ ከዚያ ወለሉ ራሱ፤
«ጠረጴዛ ሥር!» ገባን፣ ትልቅም ትንሹም፣
ጉልበት በጉልበት ላይ፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ላይ።
መምህርቷ ኦርተንሲያ፣ ልጆቹ አክስቴ የሚሏት፣
ጋስፓርን አቅፋ ጸሎት ትደግማለች፤
እኔም ያ የጥንቱ አቧራ አፌን ሞልቶት
ከኋላዋ እደግማለሁ፣ ግማሹ ጠፍቶኝ።

ዝም አለ።
አንድ ጉርድ ብቻ ይንከባለላል ገና።
ራዬን በእንብርክኳ ወጣች ቀድማን፤
ሁለቱም ግንቦች የሉም፣
መቶ አሥራ ሁለቱ ተደባልቀዋል።
አሁን ታለቅሳለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

እሷ ግን ጎንበስ አለች፣
ወለሉን መታ መታ አደረገች በመዳፏ፣
የተዘጋ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፤
«የቱ ቀድሞ እንደ ወደቀ አላየሁም» አለች፣
«ድገሚ።»