የአውራ ጣት ቦታ

ዞነበርግ፣ ከጫካው ሥር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ፣
አለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቷ በውርጭ ተጋርዶ።
እዚያ ነኝ እኔ ሮስቪታ፤ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ሰክቼ፣
የሰው ልጅነት አጥባለሁ፣ ሁለት ጣት ውሃ ቀድቼ።

የፕላስቲክ ድብ፣ ጥንቸል፣ ፍየል፣ ጸጉራቸው ከከፋይ ትቢያ፤
ወዛቸው ሲጠፋ፣ ብል ሲነካቸው፣ የኔ ክፍል ነው መታከሚያ።

ሁለት ጣት ብቻ፤ አይበልጥም። ከፋይ ውሃ አይወድም፤
ሙጫው ይላላል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ የረገፈ ደግሞ አይበቅልም።
መጀመሪያ በደረቁ፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ይዤ፣
ከጆሮ ወደ ጭራ፣ እንደ ጸጉሩ አተኛኘት ተጉዤ፣
ከዚያ የሳሙናውን አረፋ (ውሃውን አይደለም፣ አረፋውን)
በጨርቅ ጫፍ አስነክቼ አነሣለሁ የሃምሳ ዓመት አቧራውን።
ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤
ያላዋቂ አጣቢ ግን ጥንቸል ይመልጣል።

ሃያ ሦስት ዓመት በፋብሪካው የጸጉር ክፍል ሠራሁ፤
እንስሳቱ ሙጫ ተቀብተው በሰንሰለት ሲመጡ ቆጠርሁ፣
ራቁት፣ የሚያጣብቁ፣ ገና ዝርያቸው ያልለየ፤
ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ፣ ያን ጊዜ ነው ጉዱ የታየ!
ብናኙ ከሰሃኑ ብድግ፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ቆማ፣
ሙጫው ላይ ትተከል ነበር፣ እንደ ማሳ ለምልማ።
እኛም ሴቶቹ፣ የክንዳችን ጸጉር ይቆም ነበር አብሮ፤
ሰኞ ቡኒ፣ ማክሰኞ ግራጫ ያስነጥሰን ነበር ኑሮ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ማሽኑን በጭነት መኪና ወሰዱት፤
ሦስት ጠርሙስ ብናኝ ግን… ሰረቅሁት አልልም፣ «ተከትሏት መጣ» በሉት።

በኅዳር ዲትማር መጣ፣ የጫማ ሳጥን ታቅፎ፤
በውስጡ የሚዳቋ ግልገል፣ አንድ እግሩ በሽቦ ተደግፎ፣
ጆሮውን ብል የበላው፣ ሆዱ በሲጋራ ጭስ የበሰለ፣
ግንባሩ ላይ መላጣ ክብ፣ ሳንቲም የሚያህል፣ የተወለወለ።
«የእናቴ ነው» አለኝ፣ «ሰባ አምስት ዓመት ልትደፍን ነው፤
እንደ አዲስ አድርጊልኝ፤ ዋጋውን አንቺው ተምኚው።»

እንደ አዲስ! ሙያተኛን በዚህ ቃል አታስክሩት፤
እጁ ሲሞቅ ጆሮው ይደፈናል፣ በስሙ እንኳ ብትጠሩት።

ሦስት ሌሊት። ቡኒውን ከግራጫ፣ ከትንሽ ቀይ ጋር ቀየጥሁ፤
ሙጫውን በመርፌ ጫፍ፣ እስትንፋሴን ውጬ አስቀመጥሁ፤
ብናኙን በሻይ ማጥለያ፣ ከላይ እንደ በረዶ ነዛሁ፤
ፊኛ በሹራቤ አሽቼ፣ በፊኛው ጸጉሩን አስነሣሁ።
ጠዋት ያ መላጣ የለም። በማጉያ ፈልጌ ራሴው አጣሁት።
ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት።

ራሷ መጣች ልትወስደው፣ ፍራው ኤልፍሪደ፣ በልጇ ክንድ ተመርታ፤
ለካ ዓይኗ አያይም፤ መስኮቱን «ጤና ይስጥልኝ» አለችው፣ ፈገግታ ሰጥታ።

ሰጠኋት። ጀርባውን ዳሰሰች፣ ጆሮውን፣ የተጠገነ እግሩን፤
አውራ ጣቷ ብቻዋን ወጣች፣ እንደ ላም የለመደች በሩን፤
ግንባሩ ላይ ደረሰች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች፤
ከፋዩን ወደዚህ፣ ወደዚያ፣ አንድ በአንድ ፈተሸች።

«ቆንጆ ነው» አለች። «የማን ይሆን?»

ዲትማር ፊቱ ቀላ። እኔ ብሩሼን ጨበጥሁ።

«የኔው ግንባሩ ላይ ቦታ አለው፤ ወንድሜ ሳንባውን ታሞ፣
ሳሉን በአውራ ጣቴ እቆጥርበት ነበር፣ ሌሊቱን፣ እስኪያቆም ደክሞ።»

ዋጋ አልተቀበልሁም። ሚዳቋው እኔው ዘንድ ቀረ፤
ብርዱም እየጠና፣ በረዶው ከደጅ እየተከመረ፣
ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ግንባሩን በአውራ ጣቴ አሻለሁ፤
በሦስት ሌሊት የተከልሁትን በሦስት ወር እነቅላለሁ።
ስነቅልም ሳላውቀው እቆጥራለሁ፤ ሳል አይደለም፣ ስም ነው፦
ሄድቪግ፣ ትራውተ፣ ኡርዙላ፣ በጸጉር ክፍል የነበርነው።

መጋቢት ላይ ክቡ ወጣ። በሳንቲም ለካሁት፤ ልክ ነው።
ኮቴን ለበስሁ፣ ሳጥኑን አነሣሁ፤ ደጃፉ ላይ እግሬን ያዘው።
ቦታው የእሷ ነው፤
መላጣው ግን የኔው ነው።

ሳጥኑ እስካሁን ከሙጫው አጠገብ ነው።
ነገ ሐሙስ ነው። ባቡር አለ።
እስቲ ነገ ልየው።