ማዘንበል

ዲኤክሷ እኩያዬ ናት። በሯ ከሌላ መኪና፣
ኮፈኗ ከሌላ ቀለም፤ ሞተሯ ብቻ ደህና።
ከሱሉልታ ወተት ጭኜ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ገና፣
የእንጦጦን ጀርባ ስወጣ፣ ያንን ጥምዝምዝ ጎዳና፣

ቀኝ ስዞር ግራ ትወድቃለች፣ ግራ ስዞር ወደ ቀኝ፤
ጆሮዋን መሬት ላይ ጥላ ምስጢር የምትሰማ መሰለኝ።
ጀሪካኖቹ ከኋላ በትከሻ ይገፋፋሉ፤
ክዳናቸው እየላላ ግማሽ ወተት ያፈሳሉ።
የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው መቀመጫው እርጎ ይሸተኛል፤
ትራፊኩ መንጃ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ አፍንጫውን ይዞ ያሳልፈኛል።

ጉተማ ጋራዥ የለውም። የባህር ዛፍ ጥላ አለው፣
አንድ ክሪክ፣ ሦስት ድንጋይ፤ የቀረው ጆሮውና እጁ ነው።
ከሥሯ ገባ ተንጋሎ፤ እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ፤
ብረት አንኳኳ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አንኳኳ፣ ተናገረ፦

«አያንቱ፣ ይህቺን ባራ አየሻት? ከግራ ቀኝ የተዘረጋች፣
ሁለት ጎማ የምታስታርቅ ሽማግሌ ማለት ይህች ነች።
አንዱ ወገን ሲጎነበስ ሌላውን አብራ ጎትታ፣
‹ብቻህን አትውደቅ› የምትል፣ ራሷ ተጣምማ በእሱ ፈንታ።
ቦኮላዋ ግን አልቋል፤ እጅ የሌላት ገላጋይ ሆናለች፤
እያየች፣ እየተንቀጫቀጨች፣ ዝም ብላ ታስደበድብሻለች።»

«እንግዲያው ወፍራም ግጠምልኝ፤ ዱላ የሚያህል» አልኩት፤
የፈሰሰ ወተት ዋጋ ነበር በጣቴ የቆጠርኩት።

ሶማሌ ተራ ወርዶ ሁለት ባራ አመጣ፣ የአውራ ጣት ውፍረት፤
«ከተገለበጠ መኪና ነው» አለኝ፤ ሳቀ እንጂ አላፈረበት።
አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አሰረ፣ ጥርሱን ገጥሞ፤
የሁለቱን አሞርዛተር ራስ ለካ በክር ደግሞ።

«ቆማ ልኩ ይኼ ነው፤ ስትዞር ግን ሻንሲው ይተነፍሳል፤
ትከሻዋ ካልተያዘ መሪው ያዘዝሽውን ይረሳል።»
ከአሮጌ ስፖንዳ አልጋ ቱቦ ቆርጦ፣ ከበዳሳ ዘንድ አስበይዶ፣
ከትከሻ ትከሻ አጋደመው፣ በአራት ቡሎን ጠምዶ።
የማን ሙሽራ አልጋ እንደነበር እንጃ፤ ዕጣው ግን አልተለወጠም፤
ሁለት ጎን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሲጮህም እንኳ አይላቀቅም።

በማግስቱ ኩርባው ላይ መሪውን ስጠመዝዘው፣ እሺ አለች፤
ትሪ እንደያዘ አስተናጋጅ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ዞረች።
ልምምድ የወጡት ሯጮች በጭጋጉ ውስጥ ዞረው አዩኝ፤
ሳምንቱን ሙሉ ፈጠንኩ። ፍጥነቱ መንገዱን አስረሳኝ።

ግን ከአስፋልቱ ወጥቼ፣ ላም ወደሚታለብበት ሰፈር ስገባ፣
ግራው ጎማ ጉድጓድ ሲመታው ቀኙም አብሮ አነባ።
መታሰር ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ደስታውን ብቻ አይሰጥሽም፤
የሌላው ጠጠር ይወጋሻል፤ «አላየሁም» አያድንሽም።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ከዝናቡ በኋላ፣ አስፋልቱ እንደ ዓሣ ቆዳ፣
ያቺው ኩርባ ላይ ደረስኩ፤ ፊቷ ሄደ፤ ጀርባዋ ግን ከዳ።
ሳታዘነብል፣ ሳታቃስት፣ ሳትለኝ «ኧረ ቀስ በይ»፣
በመስታወቱ ገደል አየሁ፤ በፊቴም የዞረ ሰማይ።

ቆመች።
አንዱ ጎማ ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ርቆ።
ወተቱ ጠብ አላለም፤ የኔ ልብ ነው የፈሰሰው ወድቆ።

ጉተማ አልደነገጠም። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤
ከኋላ ጎማዋ ሥር ተንበርክኮ የራሱን ሥራ አየ።
«ማዘንበሏ አፏ ነበር፤ የኔው እጅ ነው ዝም ያሰኛት፤
‹ይበቃል› የምትልሽን ቃል በወፍራም ብረት ያፈነባት።»

የኋላውን ወፍራም ፈታ፤ የድሮዋን ቀጭን ከግንዱ ሥር አነሳ፤
ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ አዲስ ቦኮላ አለበሳት፣ ሳይሳሳ።
የፊቱ ወፍራም ይቆይ አለ፤ የአልጋው ቱቦም አልተነካ፤
«ስንት?» ስለው ጀሪካኔን አየ፤ ሁለት ሊትር ነበር ለካ።

ዛሬ ኩርባዋ ጋ ስደርስ ትንሽ ታዘነብላለች፤
ልክ ጆሮ እንደሚሰጥ ሰው አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።
ከአንዱ ክዳን ሥር ወተት ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ሽታው ግን ለቋል፤
ትራፊኩም አፍንጫውን ትቶ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል።