ውሃ የሌለው ደሴት

ሃያ ሁለት ዓመት ከፋሲል ግቢ በር፣
ባጄን ካንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስኖር፣
ንጉሥ በንጉሥ ላይ እያደራረብሁ፣
ዘመኑን በኖራ እየለሳሰንሁ፣
«መቼ?» ለሚል ዓመት፣ «ማን?» ለሚል ስም አለኝ፤
ያላወቅሁት ቢመጣም ምላሴ መች ጣለኝ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናብ ጋብ ባለበት፣
ጎብኚ በጠፋበት፣ ቁራ በበዛበት፣
አንዲት ሴት መጣች፣ ጭቃ ጫማዋን ልሶ፤
«ከየት ነሽ?» ብላት ጣቷ ካርታዬን ዳስሶ፣
ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከሰማያዊው ገበታ፣
ዝንብ አርፋ የሄደች ከምትመስል ቦታ፣
ቆመ። «ሲሸልስ ነው። ማሪዝ እባላለሁ፤
ንጉሥ ኖሮን አያውቅም፤ የናንተን አያለሁ።»

አዞርኋት። የፈረስ ቤት፣ የአንበሶች ጋጣ፣
በእንግሊዝ ቦምብ ጣራውን ያጣ
የኢያሱ ግንብ።
«ድንጋዩን የተሸከሙት ማን ይባላሉ?» አለች።
«ሠራተኞች» ብዬ ወደ ሌላው በር አለፍሁ።
እሷ እዚያው ቆየች።

ቀሃን ተሻግረን ወረድን፣ ወደ ፋሲል ገንዳ፣
ውሃ በጥር ብቻ የሚያድርበት፣ እንደ እንግዳ።
የዛፍ ሥር ቅጥሩን እንደ እጅ ጨብጦታል፤
ግንቡ ከመሐል ላይ ብቻውን ቆሟል።
«ይኼማ ደሴት ነው፣ ውሃው የኮበለለ!
ቁጭ በል ላስጎብኝህ፣ ጊዜ ለአንተም ካለ።

«መጀመሪያ ኤሊ። ከኤሊ በፊት ድንጋይ።
ሰው የሚባል የለም፤ ሸርጣን፣ ወፍ፣ ፀሐይ።
መሳፍንት እዚህ ዘውድ መናጠቅ ሲጀምሩ፣
ያኔ ነው እኛ ጋ ሰዎች የተዘሩ፤
ፈረንሳይ በመርከብ ባሪያና ቀረፋ
ጎን ለጎን ተከለ፤ ሁለቱም ተስፋፋ።
እንግሊዝ ቢመጣ ባንዲራው ብቻ ነው
የተቀየረልን፤ ጅራፉማ ያው ነው፣
ቆይቶ ቆይቶ ሕግ እስኪሰብረው።

«ምንጅላቴ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወይ ሰባት።
ከዓረብ ጀልባ ሆድ፣ ከቴምር ጆንያ ሥር ያገኟት
ባሕረኞች ወደኛ ወደብ አመጧት።
‹ከየት ነሽ?› ቢሏት፣ ልክ ባንተ አጠያየቅ፣
አንድ ቃል ተናገረች። ቃሉን ማንም አያውቅ።
ስሟን ቀየሩላት፤ ቃሏን ግን አልሰጠች፣
ለልጇ፣ ልጇም ለልጇ፣ እያቀበለች
እኔ ጋ ደረሰ።
ትርጉሙ ግን ከመንገድ፣ ከማዕበሉ ፈሰሰ።»

(ጨዋ ልጅ ነበረች፣ አልሁኝ በልቤ፤
ባሕር ራብዑን ወደ ሳድስ አወረደው፣
ጨው ሆነች።)

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ቃሏን ነገረችኝ።
እዚህ አልጽፋትም፤ አደራ ብላኛለች።
ሦስት ድምፅ ናት፣ መሐሏ ላይ ትንፋሽ የሚሰበርባት።
አማርኛ አይደለችም። ትግርኛም አልሆነች።
ቲኬት ቆራጩን እንየውን ጠራሁት፤ ራሱን ነቀነቀ።
ቅማንትኛ የሚሰሙ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደወልሁ፤
«ድገማት» አሉኝ፣ ደገምኋት፣ ስልኩ ተቋረጠ።
ሾፌሩ ተርፋሳ፣ የነቀምቱ ልጅ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣
«እናቴ እንዲህ የሚመስል… አይ። አይደለም፣» አለ፣ አዘነ።

«አላውቅም» አልኋት።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከዚህች አፍ ወጥታ የማታውቅ ቃል
እሷም እንደዚያችው፣ እንግዳ መሰለችኝ።

ማሪዝ አልከፋትም። ደረጃውን ወርዳ
በደረቁ ገንዳ ወለል እየተራመደች፣
ግንቡን አንዴ ዞረች፣ በእጇ እየዳሰሰች፣
ዝናቡ እስኪመለስ።

አሁን ጎብኚ ይዤ ከዚያ ስደርስ፣
ከነገሥታቱ ፊት ኤሊዋን አስቀድማለሁ።
ሰዓቱን የሚያይ አለ። «ይህ ከመጽሔቱ የለም»
ያለኝም ጀርመናዊ አለ፤ ልክ ነው፣ የለም።

በጥር፣ ውሃው ሞልቶ፣ ታቦቱ አድሮ ሲነጋ፣
ጎረምሳው ከቅጥሩ እየዘለለ ሲንቦራጨቅ፣
እኔ ከዳር ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ
ያችን ቃል አንድ ጊዜ እላለሁ፣
ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል
ዞር የሚል ሰው ካለ ብዬ።