መቶ ሃምሳ ሦስት

ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከዛኒጋባው ጥላ፣
የኔታ ወልደ ሰንበት፣ ከሠርክ በኋላ፣
ወንጌሉን ዘረጉ፤ ወቅቱ በዓለ ሃምሳ፣
ምንባቡም የባሕር፣ የመረብ፣ የዓሣ።

«ሌሊቱን ሲለፉ ባዶ ነው መረቡ፤
ጎሕ ሲቀድ አንድ ሰው ከዳር አዘዘ፤ ሳቡ።
ሞላ። ደግ። ግን ልጆች፣ ጌታ ከፊት ቆሞ፣
ዓሣ ይቆጥራል ሰው፣ ያን ሰዓት ደግሞ?
መቶ ሃምሳ ሦስት! ይህስ ምን ሊሠራ
ገባ ከምሥራቹ፣ ከትንሣኤው ጋራ?»

አንዱ በሥላሴ አባዝቶ ዐሠርቱን ቃላት ደመረ፤
አንዱ «የአሕዛብ ቁጥር ነው» ብሎ ተከራከረ፤
የኔታም «ደግ፣ ደግ» አሉ። እኔ ከኋላ ነኝ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሚዛን ያስጎነበሰኝ
የዓሣ ማኅበር መዛኝ፤ ከእጄ የማይለቅ ቅርፊት፣
ከመዝገቤ በቀር የማላውቅ ትምህርት።

እጄን አወጣሁና፦ «የኔታ፣ ይቅርታ፤
ቁጥር ለድርሻ ነው፣ እኛ ቤት ጠዋት ማታ።
ሰባት ሰው በአንድ ጀልባ ሌት ሙሉ ሲቀዝፍ፣
ሳይቆጥር ቢካፈል፣ ቅሬታው አያርፍ።
ለሰባት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ ይደርሳል፤
ስድስት...» የኔታ ቀና አሉ፦ «ስድስት ይተርፋል?
የማን ነው?» አላወቅሁም። ሳቁብኝ ልጆቹ።
ሐይቁ ላይ በራ በራ አሉ የጀልባ መብራቶቹ።

በነጋታው ንጋት፣ ሰው ከዛፍ ሳይለይ፣
አንድ ጢስ አየሁኝ ከወደቡ ድንጋይ ላይ።
የከሰል ነው ሽታው። ጉልበቴ ተያዘ፤
ልቤ ወደ ሌላ ከሰል፣ ሦስት ዓመት ተጓዘ፦

የዘበኛው ምድጃ። እጄን እያሞቅሁ
ጠየቁኝ ስለ ይርሳው። «አላውቀውም» አልሁ።
ዐይነ ጠባብ መረቡ፣ ያ የተከለከለ፣
በግማሽ የእኔ ነበር፤ አፌ ግን ምንም አላለ።
ደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምሁ። ሠለሱ፤ ሠለስሁ።
ጀልባውን ወሰዱት። እኔ እሳት ሞቅሁ።

አሁን ያ ሰውዬ፣ ጎርጎራ ከርሞ የመጣ፣
ጎንበስ ብሎ ቆሮሶ ከፍሙ ላይ ሲያወጣ፣
ጠበቅሁት፦ «ለምን?» ይላል፤ «እንዴት?» ይላል፤ ይረግማል።
እግሬ ልሽሽ ይላል፣ ሆዴ ልቅር ይላል።

ቀና አለ። ሸብቷል። «ቁርስ ቀመስክ?» አለኝ፣
መቀመጫ ድንጋይ በእጁ እያሳየኝ።
እሾሁን ነቃቅሎ፣ በዳቦ ጠቀለለ፤
እኔ ዐይኔን ስሰብር፣ «በሞቴ ብላ» አለ።
«በቃኝ» አልሁ፤ ውሸቴን። ደገመ፦ «በሞቴ!»
«ይርሳው፣ ያን ሌሊት እኮ...» ከዳኝ አንደበቴ።
«ስሜን ጠራህ፤ አለቀ» አለኝ፤ ሣቀ። ሠለሰ፦
«በሞቴ!»
ጎረስሁ። ትኩሱ ጉሮሮዬን ዳበሰ።

«በሞቴ» እንላለን፣ ለወግ፣ በየቤቱ፤
እርሱ ብቻ ነው ያለው ሞቶ፣ ከነእውነቱ፤
ችንካሩ ባለፈበት እጁ ዓሣ ጠብሶ፣
ለካደው ለዚያ ሰው፣ «ብላ» ሊል ተመልሶ።

ቢሮ ገባሁ። ሚዛኔን ሳልከፍት፣ ከመዝገቤ
ጀርባ ላይ አካፈልሁ፣ ተሰብስቦ ቀልቤ፦
ለሰባት ይተርፋል። በእሳቱ ዳር ያለው
እንግዳ ቢታከል፣ ስምንት፤ አንድ ትርፍ ነው።
ለዘጠኝ ሞከርሁት፦ ዐሥራ ሰባት ሆነ፤
አንዲት ዓሣ አልተረፈች፤ መዝገቡ ታመነ።

የኔታ ይስቃሉ፣ ይህን ብነግራቸው፤
አንድምታም አይባል፣ የመዛኝ ሒሳብ ነው።
ዘጠነኛው ድርሻ ግን... እጄ ዓሣ ይሸታል፤
ድንጋዩም፣ እዚያ ዳር፣ እስካሁን ይሞቃል።