የትኛው ማክሰኞ

ኖጋ ጠየቀችኝ ወንበሯን አስጠግታ፣
«የአንድ ቀን ንገረኝ፣ ከጧት እስከ ማታ፤
ሁልጊዜን ተወውና አንዲቱን ቀን ጥራ፣
ምን ለብሰህ ነበረ? ማን ነበር ካንተ ጋራ?»

የኔ ግን ጅምላ ነው፤ ችርቻሮ የለኝም፤
እሠራ ነበረ፣ እተኛ ነበረ፣ ከዚህ አያልፍም።
ነበር በነበር ላይ፣ መጋዘን ሙሉ ነበር፣
ቀን ያልተጻፈበት፣ ባለቤት የሌለው ክምር።

ያኔ፣ ያ ነገር ሲጀምረኝ፣
የማቀዝቀዣው ሞተር ሌሊት ስሜን እያነሳ ሲያማኝ፣
ሁለቱንም ያውቅ ነበር፤
አባቴ ያወጣውን ማናልኝን፣
አስተማሪዋ በአንድ ረፋድ የለጠፈችብኝን ኤልያድን።
አንዱ ሲጠራ ሌላው አቤት ይላል፤
እኔ ሦስተኛው፣ ደጅ ቆሜ፣
የገዛ ቤቴን አንኳኳለሁ።

አሁን ትርንጎ በየበሩ ወረቀት ለጥፋለች፤
«ምድጃው ጠፍቷል? ቁልፍ ይዘሃል?» ትላለች፤
ይህኛውን ድምፅ ሐኪሟም ፈቅዳለች።
ክኒኑ ሰባት ቤት ባለው ሳጥን ተሰናድቷል፤
ጊሜል የተጻፈበት ቤት ባዶ ሆኗል፤
እንግዲህ ማክሰኞን ኖሬያለሁ፣ ሳጥኑ መስክሯል።

ዛሬ ግን፣ ከአፉላ መናኸሪያ አግዳሚ ላይ፣
አንድ ሽማግሌ የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል
ቅርፊቱ ጫማዬ ላይ ወደቀ፤
አባቴ መጣ።
ሁልጊዜ አይደለም። አንዴ መጣ።
ቡናማ ካፖርት፣ ሁለተኛ ቁልፉ የጎደለ፣
በእጁ የተቆላ ሱፍ፣ በወረቀት የተጠቀለለ።
«እኛ ወቅጠን የምንጠጣውን እነዚህ በጥርስ ይለቅሙታል!
ሙቀጫ የለም እንዴ ባገሩ?» ብሎ ሳቀ።
ሰው ዞሮ አየን። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አፈርኩ።
«እንካ ማናልኝ፣ እጅህን ዘርጋ።»
ፍሬው ትኩስ ነበር።

ግን እውነት ይሁን? ወይስ ያ ሞተር ነው ደግሞ?
ለትርንጎ ደወልኩ፤ አውራ ጣቴ ይንቀጠቀጣል።
«የአባባ ካፖርት... ያ ቡናማው...
ቁልፍ ጎድሎት ነበር?»
ዝም አለች። በእሷ በኩል መኪና ሲያልፍ ሰማሁ።
«ሁለተኛዋ? እኔ ነኝ የበጠስኳት፣
ለአሻንጉሊቴ ዓይን ላደርጋት፤
እስከ ዛሬ ለሰው ትንፍሽ አላልኩም።
ማን ነገረህ?»

«ማንም» አልኳት። «ማንም አልነገረኝም።»

አውቶቡሱ አመለጠኝ።