ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ስድስት ዓመት ጻፍኩት፣ በትኬት ጀርባ ላይ፤
ጀልባው እስኪመለስ፣ ወረፋው እስኪታይ።
አቬይሮ ወደብ ላይ መስኮቴ ጠባብ ናት፣
ከእጅና ከሳንቲም ሌላ የማይገባት።
እዚያ ነው የወለድኩት ባርቶሎሜውን፣
ውሃ ዘርቶ ነጭ ድንጋይ አጫጁን፣
ጨው ገበሬውን።

ሊስቦን ያለው አርታዒ በስልክ እንዲህ አለኝ፦
«ሰውየሽ ዕድሜው በዛ፤ በአጭሩ ቅጪልኝ።»
ሰማንያ ገጽ ቆረጥኩ።
የአጎቱን ሠርግ፣ የውሻውን ስም፣
አንድ ሙሉ በጋ ከነነፋሱ አወጣሁ።
ከዚያ በገጽ መቶ አሥራ ሁለት
ዝናብ አዘነብኩ፤
ከጨው መደቡ መሀል፣ መቧጠጫውን እንደያዘ፣
ገደልኩት።
በማግስቱ መስኮቴ ላይ ዓይኔ እንዳበጠ ቁጭ አልኩ፤
ብቻውን ለመጣ ሰው የሁለት ሰው ትኬት ቆረጥኩ።

ካርቶኑ ሲመጣ ዜፌሪኖ፣ ባሌ፣ ዓሣ እያጸዳ ነበር፤
በዚያው ቢላ ከፈተው።
የመጀመሪያዋ ቅጅ ሽፋን ላይ
አንዲት የዓሣ ቅርፊት እንደ ማኅተም ተለጠፈች።
ስሜን አየሁት፤ የሌላ ሴት ስም መሰለኝ፣
ደብዳቤዋ በስህተት እኔ ቤት የገባባት።
ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤
ከእጅ የወጣውስ የት ይደርሳል?
የከተማችን ጋዜጣ አራት መስመር ሰጠኝ፣
ሦስቱ ስለ ሽፋኑ።

ለምረቃው ቤተ መጻሕፍቱ አርባ ወንበር ደረደረ፤
አሥራ አንዱ ላይ ሰው፣ በቀሪው ላይ ካፖርት ነበረ።
አነበብኩ።
ድምፄን እንደ ጎረቤት ብርጭቆ ያዝኩት፣
እንዳይሰበርብኝ።
«ከምን ተነሥተው ጻፉት?» አለ አንዱ።
«ከወንበሬ» አልኩ። ሁለት ሰው ሳቀ፤ አንዷ እህቴ ናት።

ከሁሉም ኋላ ሴኞር ኤርሚኒዮ፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ፣
አውራ ጣቱን መጽሐፌ ውስጥ ከትቶ።
የቆመበትን ገጽ ሳላይ አወቅኩት።

«ልጄ» አለኝ፣ «ጥሩ ነው፤ ጨው አለው።
ግን ጨው በዝናብ አይዛቅም።
ሰማይ ከጠቆረ ጨው ይሟሟል፣ ሰው ቤቱ ይገባል።
ይኼ ሰውዬ ያን ዕለት ቤቱ ነበር፣
የጎመን ሾርባው ፊቱ፣ እግሩ ምድጃው ሥር።
ማነው ጭቃ ውስጥ የጠራው?»

አርታዒው አላየውም፤ አራሚውም።
እኔም፣ ጨውን ከገበታ በቀር የማላውቀው፣
የዘነበውን ሁሉ እውነት ነው ብዬ ነበር፣
ስላለቀስኩ ብቻ።

አንድ ሺህ አምስት መቶ ቅጅ ታትሟል፤
በአንድ ሺህ አምስት መቶ ቤት ይዘንባል።
ሊያስፈርመኝ ሲዘረጋው የፊቱን ገጽ ዘለልኩ፤
መቶ አሥራ ሁለትን ገልጬ አንድ አንቀጽ ሰረዝኩ፤
«ደመናውን አይቶ ቤቱ ገባ» ብዬ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ።

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣
ደግሞ አነበበው።
«ታዲያ ሚስቱ» አለኝ፣
«እስከ መጨረሻው የምታለቅሰው ለማን ነው?»
መልስ አልነበረኝም።
ባርኔጣውን ደፋ፣ መጽሐፉን በኮቱ ሸፍኖ ወጣ፤
ውጭው ያካፋ ነበር።

ማክሰኞ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።
ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ልጅ
ወደ ሳው ዣሲንቶ አንድ ትኬት ጠየቀችኝ፤
ብብቷ ሥር የኔ መጽሐፍ፣ ጣቷ እመሀሉ ላይ፣
ወይ መቶ፣ ወይ መቶ አምስት።
መልሷን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።
የት ደረስሽ ልላት አፌን ከፈትኩ፤
ጀልባው ጮኸ፣ ወረፋው ገፋት።
«ዝናብ ነው፣ ልጄ» አልኳት፣
«ውጭ አትቁሚ። ግቢ።»