ሦስተኛ ማርሽ

ቆዳው ያባቴ ፊያት፣ ልቡ ከቶዮታ፤
ሁለት ክረምት ሙሉ ስበይደው ማታ
በዶሮ ማነቂያ፣ በቆርቆሮ ጥላ፣
ተነሣ ዘንድሮ። ግን ጠባዩ ሌላ፦
ቸርችልን ሲወርድ ቅቤ ነው መንገዱ፤
ዳገቱ ላይ፣ ሦስት ሳስገባ፣ ከሆዱ
ቋ!
ይላል፤ ደግሞ ቋ! እንግዳ እንደሚያንኳኳ።

ካንዴላ ቀየርኩ፤ ካርቡራተር አጠብኩ፤
ፍሪሲዮን አውርጄ ዲስኩን ገለበጥኩ፤
የካምቢዮ ዘይቱን አሸሁት በጣቴ፣
ብረት የለም። ቋ! ነደደ አንጀቴ።
ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ነስሩን ሰው መሃል
«ይሄ ሬሳ ካምቢዮ እንዴት ይሸጣል?»
አልኩት። ዝም ብሎ ሻዩን ፉት ይላል።

ጋሽ ውባንተ መጡ። ረጅም ካቻቢቴ
ካምቢዮው ላይ ተክለው፣
እጀታው ጆሯቸው ላይ፣ «አትንፈስ በሞቴ!»
ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ንስሐ አባት
ሰሙት። «ይሄስ ንጹሕ ነው፤ የለበትም ጥፋት።»
ከሥር ገብተው ደግሞ ትራስሚሲዮኑን
ሲወዘውዙ ቆዩ።
«ክሮቸራው ተጣሟል፤ ማን በየደው ይህን?»

መብራት መጥቶ ሲሄድ፣ ቸኩዬ፣ ሳልለካ፣
እኔው ነበርኩ ለካ።

ቅዳሜ ዳገቱን ዝም ብሎ ወጣ።
በተክለ ሃይማኖት ዞርኩ፤ ነስሩ ሻይ ሲጠጣ።
«ደግሞ ምን ሰበርክ?» አለኝ።
«አንድ ክሮቸራ ስጠኝ።»
የጠራውን ከፈልኩ። ቅናሽ አልጠየቅኩም።